ሞተሩን አሰላሁ፣ መሬቱን ረሳሁ

ሀዋሳ ውስጥ የብየዳና የጥገና ጋራዥ አለኝ፤ አብዛኛው ሥራዬ ባጃጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ ሴስና 172 አውሮፕላኑን ከመጠለያው ለማውጣትና ለማስገባት ሁልጊዜ ሰው መለመን እንደሰለቸው ነገረኝ። በመኪና ኋላ ተጭኖ የሚሄድ፣ በባትሪ የሚሠራ ጎታች እንድሠራለት ጠየቀኝ። ቀላል መሰለኝ። ያን ቀን አንድ ሰው እጄን ይዞ ቢያስቆመኝ ኖሮ ዛሬም ድረስ አመሰግነው ነበር።

ፍሬሙን ከካሬ ብረት በየድኩ። ሞተሩ 24 ቮልት ነው፤ ባትሪዎቹ ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ በተከታታይ የተያያዙ። ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ እንዳይበልጥ በሰንሰለትና በጥርስ ቀነስኩት። እስከዚህ ድረስ የምማረርበት የለኝም።

ምሬቴ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። ፈጠራን እናግዛለን የሚል አንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያረፈበት ንድፍና የገበያ ጥናት ካላመጣህ አለኝ፤ አራት ወር ተመላለስኩ። «ተሽከርካሪ ነው ወይስ የእጅ መሣሪያ?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ሦስት ጠረጴዛ አዞረኝ። ክብደቱ 28 ኪሎ ግራም ብዬ ጻፍኩ፣ ማኅተሙ አረፈበት። እኔን ጨምሮ አንድም ሰው ግን ይህ 28 ኪሎ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል ወይ ብሎ አልጠየቀም።

ጋራዡ ውስጥ በጎረቤቴ አሮጌ ቮልስዋገን ሞከርኩት። ሦስት ሰው አስቀምጬበት ሲሚንቶው ላይ ያለ ችግር ገፋው። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እኔም ቡና አስፈላሁ። ያ ቡና አሁንም ያሳፍረኛል።

አውሮፕላኑ የቆመው ጠጠር ላይ ነበር። የፊት ጎማውን አያይዤ ቁልፉን ስጫን የእኔ ጎማዎች ባሉበት ተሽከረከሩ፣ ጠጠሩን እየፈነጠሩ ጉድጓድ ማሱ። አውሮፕላኑ ንቅንቅ አላለም። ሞተሩ አቅም አላነሰውም፤ የሚይዘው መሬት አጣ እንጂ። ጎማ ጠጠር ላይ የሚስበው በላዩ ከተጫነው ክብደት ግማሽ ያህሉን ቢሆን ነው፤ ከ28 ኪሎ 14 ኪሎ ማለት ነው። በኋላ በመንጠቆ ሚዛን ስለካ ባዶውን አውሮፕላን ለማስነሳት 45 ኪሎ ያህል መሳብ ያስፈልግ ነበር። ሚዛኑ ጋራዤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዓመት ሞልቶታል!

ተምሬ ብመለስ ጥሩ ነበር። እልህ ያዘኝና 40 ኪሎ አሸዋ በጆንያ ጫንኩበት፣ ሁለት ሰዎችም የክንፉን ደጋፊ እንዲገፉ አደረግሁ። አንዱ ረዳቴ ፕሮፔለሩን ይዞ ሊስብ ሲል የአውሮፕላኑ ቴክኒሻን እጁን መታው፤ ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔቶ በትክክል ካልተዘጋ በእጅ የዞረ ፕሮፔለር ሞተሩን ሊያስነሳ ይችላል። በዚህ መሃል ጎታቹ በድንገት መሬት ያዘና ወደ ጎን ተጠመዘዘ። «ጋሼ፣ አቁመው! አቁመው!» ሲሉኝ ጣቴ ከቁልፉ ላይ አልተነሳም።

የሴስና 172 የፊት ጎማ ሲጎተት ከመሃል ወደ ግራም ወደ ቀኝም ከ30 ዲግሪ በላይ መዞር የለበትም። ሰው በእጁ ሲጎትት ገደቡ ጋ ሲደርስ እጁ ያውቀዋል፤ ሞተር ግን ምንም አይሰማውም። የመሪው መቆሚያ ብረት ተጣመመ። አውሮፕላኑ ተፈትሾ እስኪጠገን ድረስ ከበረራ ታገደ፣ ወጪውን እኔ ከፈልኩ። ደንበኛዬ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መፍትሔው ጎታቹን ማክበድ አልነበረም፤ 100 ኪሎ የሆነ ነገር ማን ተሸክሞ መኪና ላይ ይጭናል? ክብደቱ አውሮፕላኑ ራሱ ላይ ነበረ። ከፊት ጎማው ስር ሚዛን አስገብቼ ስለካ ወደ 180 ኪሎ አገኘሁ። ስለዚህ የፊት ጎማውን ታቅፎ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚያነሳ አልጋ በማንሻ ሠራሁ። ጎማው ሲነሳ ያ ሸክም የእኔ ጎታች ጎማዎች ላይ ያርፋል፣ ጠጠሩም ይያዛል። እጀታው ላይ ደግሞ 25 ዲግሪ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ማብሪያ ገጠምኩ። ጎታቹን በሙሉ ቀይ ቀባሁት፤ ጎታች እንደተያያዘ ሞተር ማስነሳት የሚያስከትለውን ለማየት አልፈልግም።

ንድፍ አስቀድም የሚሏችሁን አትስሙ። መጀመሪያ ሚዛን ይዛችሁ አውሮፕላኑ የሚቆምበት ቦታ ሂዱ፣ ሳቡት፣ ቁጥሩን ጻፉ። በዝናብ ማግስትም ተመለሱና ሳቡት። ወረቀቱ የትም አይሄድም።

ጎታቹ አሁን 41 ኪሎ ነው፤ ሁለት ሰው ያነሳዋል። ደንበኛዬ ብቻውን አውሮፕላኑን ሲያስገባ ቆሜ አይቻለሁ፣ ያን ቀን ቡና የጋበዘው እሱ ነው። ባለፈው ወር ያ መሥሪያ ቤት ለኤግዚቢሽን ጠራኝ፤ ደብዳቤው ላይ «28 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ፈጠራዎ» ይላል። ቁጥሩ ይስተካከል ብዬ ስጠይቅ አዲስ ማመልከቻ አስገባ አሉኝ።