መሞት ያልነበረበት ታርሞጎይፍ

አንድ ዓርብ ምሽት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የካርድ መደብር የኋላ ክፍል ውስጥ፣ የመደብሩ ባለቤት ከሩቅ በእጁ ጠቅሶ ወደ አንድ ጠረጴዛ ጠራኝ። የተመሰከረልኝ ዳኛ አልነበርኩም፤ ሆኖም ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ ለብዙ ዓመታት በመጫወቴና ሰዎች ሲከራከሩ ጣልቃ የመግባት ልማድ ስለነበረኝ፣ በዚያ ቤት የደንብ ጥያቄ ሲነሳ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ መዞር ጀምሮ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ታርሞጎይፍ የሚባለው ፍጡር ተዘርግቷል። የዚህ ፍጡር ኃይል በሁሉም ተጫዋቾች መቃብር (ሥራቸውን የጨረሱ ወይም የሞቱ ካርዶች በሚከመሩበት ቦታ) ውስጥ ካሉት የካርድ ዓይነቶች ቁጥር ጋር እኩል ሲሆን፣ ጽናቱ ደግሞ ከዚያ በአንድ ይበልጣል። በዚያ ሰዓት መቃብሮቹ ውስጥ የነበሩት የመሬትና የፍጡር ካርዶች ብቻ ስለነበሩ ፍጡሩ 2/3 ነበር፤ ኃይሉ ሁለት፣ ጽናቱ ሦስት ማለት ነው። ተጋጣሚው ሦስት ጉዳት የሚያደርሰውን ላይትኒንግ ቦልት ወረወረበት። «ሞቷል ወይስ አልሞተም?» ብለው ጠየቁኝ። ሦስት ጽናት፣ ሦስት ጉዳት፤ አፍታም ሳልቆይ «ሞቷል» አልኩ። የፍጡሩ ባለቤት ጨዋታውን ተሸነፈ፤ እጄን ጨብጦኝም ወጣ።

ቤት ገብቼ ደንቡን ስከፍት ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ላይትኒንግ ቦልት ኢንስታንት ከሚባለው የካርድ ዓይነት የሆነ አስማት ነው፤ የሚፈጸምበት የመጨረሻው እርምጃም ራሱ ወደ መቃብር መግባቱ ነው። ጨዋታው ግን ጉዳት የበረታባቸውን ፍጡራን ከሜዳ የሚያነሳው በደንቡ ምዕራፍ 704 በተደነገገው ምርመራ ሲሆን፣ ይህ ምርመራ የሚደረገው አስማቱ ሙሉ በሙሉ ተፈጽሞ ካበቃ በኋላ፣ ቀጣዩን እርምጃ የመውሰድ ዕድል ለማንም ተጫዋች ከመሰጠቱ በፊት ነው። ምርመራው ሲደርስ ቦልቱ አስቀድሞ መቃብር ገብቷል፤ ሦስተኛ የካርድ ዓይነት ተጨምሯል፤ ታርሞጎይፉም 3/4 ሆኗል። አራት ጽናት ያለው ፍጡር ደግሞ በሦስት ጉዳት አይሞትም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ መሳሳቴ ብቻ አልነበረም፤ ሳልጠራጠር መናገሬ ጭምር ነበር።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ማጂክ ሪቻርድ ጋርፊልድ በተባለ የሒሳብ ሰው ተፈልስፎ፣ በ1993 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የታተመ የካርድ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ እንደ አስማተኛ ሆኖ ከመሬት ካርዶች ማና የሚባል የአስማት ጉልበት ያወጣል፤ በማናውም ፍጡራንን ይጠራል፣ አስማት ይደግማል። እስካሁን የወጡት የተለያዩ ካርዶች ከ20 ሺህ በላይ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸውን ትንሽ ሕግ ይዘው ይመጣሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ሲገናኙ ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ሙሉው ደንብ ዘጠኝ ክፍሎችና ከ200 በላይ ገጾች ያሉት ሲሆን፣ አዲስ የካርድ ስብስብ በወጣ ቁጥር ይሻሻላል።

መጀመሪያ ይህን ሰነድ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ቆርጬ ተነሳሁ፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ እንቅልፍ አሸነፈኝ። ስለዚህ መንገዴን ቀየርኩ። በየሳምንቱ ከጠረጴዛው የሰማኋቸውን ጥያቄዎች በደብተር እየጻፍኩ፣ በአንድ ምሽት አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ፣ መልሱ የተጻፈበትን አንቀጽ እስካገኝ ድረስ መፈለግ ጀመርኩ። መልሱን በልቤ የማውቀው በመሰለኝ ጊዜም ቢሆን አንቀጹን ሳላይ አልተውም ነበር። በዚህ መንገድ ካገኘኋቸው መካከል በምዕራፍ 101 ያሉት ሁለት ድንጋጌዎች ከሁሉም ይልቅ ደጋግመው ጠቅመውኛል፦ ካርዱና ደንቡ ሲቃረኑ ካርዱ ይበልጣል፤ አንዱ ካርድ «ይችላል» ሲል ሌላው «አይችልም» ካለ ደግሞ «አይችልም» ያለው ይጸናል።

ሌላው ያስቸገረኝ የራሴው የንባብ ልማድ ነበር። እኛ ቅኔና ሰምና ወርቅ እየሰማን ያደግን ሰዎች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲነበብልን ወዲያው ከሥሩ ያለውን መፈለግ ይቀናናል። የማጂክ ካርድ ግን ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ የለውም። «ይህ ካርድ የተሠራው እንዲህ ለማድረግ ነው» የሚለው ክርክር ምንም ያህል ቢያምር ከጽሑፉ ካልወጣ አይረታም። ጽሑፍ ስል ደግሞ ካርዱ ላይ የታተመውን ማለቴ አይደለም። በሥራ ላይ ያለው ቃል ኦራክል የሚባለው፣ ጋዘረር በተባለው የካርዶች መዝገብ ውስጥ የሚገኘው ነው፤ በ1990ዎቹ የታተመ ካርድ ላይ ያለው አነጋገር ዛሬ ተሽሮ ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ ወደ ጨዋታው የሚመለሱ ሰዎች በተለይ እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። አንድ ጎልማሳ ተጫዋች የውጊያ ጉዳት በቁልሉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል ብሎ ሲሞግተኝ አመሸ፤ ያ ሥርዓት በ2009 ቀርቷል።

ቁልል ያልኩት ተጫዋቾች ስታክ የሚሉትን ነው። ለእህቴ ልጅ ያስረዳሁት በሞሶብ ላይ በተደራረበ እንጀራ ነበር፦ መጨረሻ የተጋገረው ከላይ ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚነሳውም እሱ ነው። ከ1999 ጀምሮ የጨዋታው አስማቶችና ችሎታዎች የሚፈጸሙት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ልጁ ወዲያው ገባው። ያልገባው ኦብሊቪየን ሪንግ ነበር፤ እኔም እስካሁን ከእሱ የተሻለ ማስተማሪያ ካርድ አላገኘሁም።

ይህ በ2007 የወጣ ካርድ ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች አሉት። የመጀመሪያው፣ ካርዱ ወደ ሜዳ ሲገባ መሬት ያልሆነ ሌላ ቋሚ (ሜዳ ላይ የሚቆይ) ካርድ ከጨዋታው ያባርራል፤ ሁለተኛው፣ ካርዱ ከሜዳ ሲወጣ የተባረረውን ይመልሳል። አሁን የመጀመሪያው ችሎታ ገና በቁልሉ ላይ ሳለ ሪንጉ ራሱ ቢጠፋስ? የመመለሱ ችሎታ ከላይ ይቀመጣል፤ ቀድሞም ይፈጸማል፤ ነገር ግን ገና የተባረረ ስለሌለ የሚመልሰው የለም። ቀጥሎ የማባረሩ ችሎታ ይፈጸማል፤ የተባረረውም ካርድ በዚያው ይቀራል፤ መላሽ የለውም። በ2014 የወጣው ባኒሺንግ ላይት ግን ይህን ቀዳዳ ዘግቶታል። እሱ የሚያባርረው «ይህ ካርድ ከሜዳ እስኪወጣ ድረስ» ነው፤ ካርዱ አስቀድሞ ከወጣ ጊዜው ሳይጀምር አልቋልና ማንም አይባረርም። ጽሑፎቹን ወደ አማርኛ ስመልስለት ልዩነቱ ለእኔም ጎልቶ ታየኝ፦ በአንዱ «ሲገባ» እና «ሲወጣ»፣ በሌላው «እስኪወጣ»። በእንግሊዝኛ ሳነበው ዓይኔ አልፎት የሚሄደውን፣ በአማርኛ ግሡን ለማርባት ስል ቆሜ ለማሰብ እገደድ ነበር። ከዚያ በኋላ አስቸጋሪ ካርድ ሲመጣብኝ በልቤ ወደ አማርኛ መመለስን ልማድ አደረግሁት።

ቅዳሜ ማታ እህቴ ቤት አራት ሆነው ኮማንደር ይጫወታሉ፤ በዚህ አጨዋወት ሁሉም ሰው በ40 ነፍስ (የሕይወት ነጥብ) ይጀምራል። አንዱ የእህቴ ልጅ ጓደኛ ፌሊዳር ሶቨሪን የሚባል ፍጡር አወጣ፤ የተራው መጀመሪያ ላይ 40 ወይም ከዚያ በላይ ነፍስ ካለው ጨዋታውን ያሸንፋል። ተራው ሲደርስ 41 ነፍስ ነበረውና ካርዶቹን መሰብሰብ ጀመረ። የእህቴ ልጅ በመልሱ ላይትኒንግ ቦልት ወረወረበት፤ 38 ሆነ። ቤቱ እንደ በልሃ ልበልሃ ችሎት ተናወጠ። «አጎቴ፣ ቀድሞ ተሟልቷል እኮ ይላል!» ብሎ ጠራኝ። ካርዱን አነበብኩላቸው። «ካለው» የሚለው ሁኔታ ከመነሻው ቀጥሎ በዓረፍተ ነገሩ መካከል ሲቀመጥ ሁለት ጊዜ ይመረመራል፤ ችሎታው ሲነሳ አንድ ጊዜ፣ ሊፈጸም ሲል ደግሞ እንደገና። በሁለተኛው ምርመራ 38 ሆኖ ተገኝቷልና ድል የለም። ልጁ ካርዶቹን መልሶ ዘረጋ፤ እህቴም ቡና ስታቀርብ «ይሄ ሁሉ ለወረቀት ነው?» አለች።

ከሁሉም የከበደኝ በምዕራፍ 613 የተጻፈው የእርከኖች ሥርዓት ነበር። ዘላቂ ውጤቶች በሰባት እርከኖች በቅደም ተከተል ይሰላሉ፦ ቅጂ፣ ቁጥጥር፣ ጽሑፍ፣ ዓይነት፣ ቀለም፣ ችሎታ፣ በመጨረሻም ኃይልና ጽናት። ይህን ለማስተማር ሁሉም የሚጠቅሰው የ1997ቱን ሂዩሚሊቲንና የ1999ኙን ኦፓለሰንስን ነው፤ ሁለቱም ኢንቻንትመንት የሚባሉ፣ ሜዳ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩ የአስማት ካርዶች ናቸው። የመጀመሪያው ፍጡራንን ሁሉ ችሎታ አሳጥቶ 1/1 ያደርጋቸዋል፤ ሁለተኛው አብዛኞቹን ሌሎች ኢንቻንትመንቶች የማና ዋጋቸውን ያህል ኃይልና ጽናት ያላቸው ፍጡራን ያደርጋል። ስለዚህ ሂዩሚሊቲ ራሱ ፍጡር ይሆናል፤ ፍጡር ከሆነ ደግሞ በገዛ ራሱ ችሎታውን ያጣል። ችሎታውን ካጣ እንዴት ይሠራል?

ሦስት ምሽት የፈጀብኝ ይህ ነው። መልሱ በዚያው ምዕራፍ አለ፦ አንድ ውጤት በአንድ እርከን መሥራት ከጀመረ፣ በመካከል ምንጩ ችሎታውን ቢያጣ እንኳ በሚቀጥሉት እርከኖች መሥራቱን ይቀጥላል። በአራተኛው እርከን ሂዩሚሊቲ ፍጡር ይሆናል፤ በስድስተኛው ሁሉም፣ እሱም ጭምር፣ ችሎታ ያጣል፤ በሰባተኛው ሁለቱም ካርዶች ቁጥር ሊወስኑ ይመጣሉ፤ ኋላ የገባውም ይበልጣል። ሂዩሚሊቲ ኋላ ከገባ 1/1 ይሆናል፤ ኦፓለሰንስ ኋላ ከገባ ሂዩሚሊቲ ዋጋው አራት ማና ስለሆነ 4/4 ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ይህ ጥያቄ በጠረጴዛ ላይ አንድም ቀን ገጥሞኝ አያውቅም። ነገር ግን እሱን ከፈታሁ በኋላ «ቀድሞ የገባው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ የአፌ ልማድ ሆነ።

ከመጻሕፍቱ ሥራ ይልቅ ቀስ ብሎ የመጣልኝ ግን የመጠየቅ ሥራ ነበር። ወደ ጠረጴዛ ስጠራ ከሚነሳው ጠብ የሚበዛው የደንብ ሳይሆን የሆነው ነገር ነው፤ ማን ምን አለ፣ ካርዱን ያወጣው ከማጥቃቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱንም በየተራ፣ ሳላቋርጥ እሰማለሁ፤ ሁለቱ የተስማሙበትን ጮክ ብዬ እደግማለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ካርዶቹን በስልኬ የምከፍተው። ማን እየመራ እንደሆነ ለማወቅ አልሞክርም። «ምን ባደርግ ይሻላል?» ለሚለኝም መልስ አልሰጥም፤ ምክር ከሰጠሁ ለአንደኛው ወገን መጫወቴ ነውና። ቅር የሚላቸው አሉ።

የታርሞጎይፉ ባለቤት ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ያን ምሽት እንደተሳሳትኩ፣ ፍጡሩ መትረፍ እንደነበረበት ነገርኩት። ሳቀ። እሱም በዚያው ሌሊት ቤቱ ገብቶ አንብቦት ኖሯል፤ በድምፄ ውስጥ ጥርጣሬ ስላልነበረ አንቀጹን አሳየኝ ለማለት ማፈሩን ነገረኝ። ከዚያ ከሳጥኑ ሁለት ካርዶች አውጥቶ ፊቴ ዘረጋ፦ መሠረታዊ ያልሆኑ መሬቶችን ሁሉ ተራራ የሚያደርገውን ብለድ ሙንን፣ እንዲሁም መሬቶችን ሁሉ፣ ራሱንም ጨምሮ፣ ካላቸው ዓይነት በተጨማሪ ረግረግ የሚያደርገውን ኧርቦርግ የተባለውን መሬት።

«ሁለቱም ሜዳ ላይ ናቸው፤ መሬቶቹ ረግረግ ናቸው ወይስ አይደሉም?» አለኝ።

ስልኬን አወጣሁና ከልማዴ የተነሳ «ቀድሞ የገባው የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ለውጥ ያመጣል?»

ምዕራፍ 613ን ወደ ታች እየገፋሁ አነበብኩ። ብለድ ሙን ኧርቦርግን ተራ ተራራ አድርጎ ችሎታውን ያሳጣዋል፤ የኧርቦርግ ውጤት መኖርና አለመኖሩ በብለድ ሙን ላይ ስለሚንጠለጠል ብለድ ሙን ሁልጊዜ ቀድሞ ይሰላል፤ በኧርቦርግ ምክንያት ረግረግ የሚሆን መሬትም አይኖርም። ስልኩን ወደ እሱ አዙሬ አንቀጹን አሳየሁትና «አያመጣም» አልኩት።