ማስተርስ ለምትጀምሩ፦ ከኦረንቴሽኑ በፊትና በኋላ

የአዲስ ማስተርስ ተማሪዎች ኦረንቴሽን ብዙ ጊዜ ከግማሽ ቀን አያልፍም። ዲኑ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላሉ፣ ሬጅስትራሩ ስለ ምዝገባ ያስረዳል፣ የላይብረሪው ባለሙያ ስለ ዳታቤዝ ይናገራል፣ ምሳ ይደርሳል። የሁለት ዓመቱ ሥራ የሚሰናከለው ግን ከዚያ ቀን በፊት በወረቀት፣ ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ «ቲሲስ የሁለተኛ ዓመት ጉዳይ ነው» በሚል መዘናጋት ነው።

ከወረቀቱ እንጀምር። ጋት (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ማለፍና መመዝገብ ሁለት ነገር ናቸው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚሄደው ከቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ወደ አዲሱ ነው፤ እጃችሁ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ አይተካውም። የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ያለበት ሰው የሚቆመውም እዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ውጤት እስኪወጣ ሳትጠብቁ የክፍያ ማስረጃውን ጨርሱ። ሌላው ስም ነው። ዲግሪው ላይ «ገ/ማርያም»፣ መታወቂያው ላይ «ገብረማርያም»፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ የአንድ ፊደል ልዩነት ካለ፣ ከምዝገባ በፊት አስተካክሉት። የማስተርሱ ዲግሪ የሚታተመው በተመዘገባችሁበት ስም ነው፤ ከምረቃ በኋላ ማስቀየር የቢሮ ደጅ መጥናት ነው።

ኦረንቴሽኑ ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ የምትጠይቋቸው ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ፦ አማካሪ የሚመድበው ማን ነው፣ መቼ? ተማሪው መምረጥ ይችላል? የፕሮፖዛል ዲፌንስ በየትኛው ሴሚስተር ነው? የተፈቀደው የፕላጃሪዝም መጠን ስንት በመቶ ነው? የሴኔቱን ሌጅስሌሽንም (የዩኒቨርሲቲውን መተዳደሪያ ደንብ) ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ ክርክር ሲነሳ ገዢው እሱ ነው። ውጤትን በተመለከተ አንድ ሒሳብ ያዙ። ለመመረቅ የሚጠየቀው አማካይ ነጥብ በአብዛኛው 3.0 ነው። ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ላይ ሲ ያመጣ ሰው ያንን ለማካካስ በሌላ ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ኤ ማምጣት አለበት። በመጀመሪያ ዲግሪ ጊዜ ምንም ያልመሰለው ሲ እዚህ ውድ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ዞተሮን፣ ማለትም ምንጮችን የሚመዘግብና የዋቢ ዝርዝር የሚያወጣ ሶፍትዌር፣ ጫኑ። ነጻ ነው፣ ከወርድ ጋርም ይሠራል። ችግሩ የኛ ስም ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስደው «አበበ ከበደ» የጻፈው ጥናት «ከበደ፣ አ.» ሆኖ ይወጣል፤ ማለትም የጠቀሳችሁት አባትየውን ነው። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ከስሙ ሳጥን ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትጫኑ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ፣ ሙሉ ስሙን እዚያ ትጽፋላችሁ። ትምህርት ክፍላችሁ የኢትዮጵያውያንን ስም በምን መልክ እንደሚቀበል ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዓመቱንም ተጠንቀቁ። በ2008 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ በፈረንጆቹ 2015 ወይም 2016 ነው፤ ዝም ብሎ 2008 ከተጻፈ ከነገሩ ሰባት ስምንት ዓመት ቀድሟል። መቶ ምንጭ ከተጠራቀመ በኋላ ይህን አንድ በአንድ ማረም ስንት ሌሊት እንደሚበላ መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ታዋቂዋ ቁጥር፦ 422 (ወይም 423)። የጤናና የማኅበራዊ ሳይንስ ቲሲሶችን ስታገላብጡ የናሙና መጠን ሆና ደጋግማ ታገኛችኋለች። አመጣጧ እንዲህ ነው። የመተማመኛ ደረጃው 95 በመቶ፣ የሚፈቀደው ስህተት 0.05፣ የሚገመተው ምጣኔ (የምታጠኑት ነገር የሚገኝባቸው ሰዎች ድርሻ) 0.5 ሲሆን፦ 3.84 × 0.5 × 0.5 ÷ 0.0025 = 384። 3.84 የ95 በመቶው መለኪያ 1.96 በራሱ ሲባዛ፣ 0.0025 ደግሞ 0.05 በራሱ ሲባዛ ነው። መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 422.4 ይመጣል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ ሳይጠየቅ መገልበጡ ላይ ነው። 0.5 የሚወሰደው ቀደም ያለ ጥናት ሲጠፋ ነው። በተመሳሳይ ሕዝብ ላይ የተሠራ ጥናት ምጣኔው 30 በመቶ ነው ካለ፣ 3.84 × 0.3 × 0.7 ÷ 0.0025 ወደ 323 ይመጣል፣ ከነጭማሪው 356 ነው። የምታጠኑት ሕዝብ ትንሽ ከሆነስ? 1,200 ሠራተኞች ያሉበት መሥሪያ ቤት ከሆነ 384 ÷ (1 + 384 ÷ 1,200) = 291፣ ከነጭማሪው 321። ናሙናው በደረጃ፣ መጀመሪያ ወረዳ ከዚያ ቀበሌ ከዚያ ቤት እየተባለ የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው በ1.5 ወይም በ2 ይባዛል። ፈታኙ «422 ከየት መጣ?» ሲል የሚፈልገው ይህንን ነው። ለመረጃ ሰብሳቢ አበል የሚወጣው ገንዘብም በዚሁ ቁጥር ይወሰናልና ጉዳዩ የፈተና ብቻ አይደለም።

የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ላይ ብዙ አልልም። ኤስፒኤስኤስም ይሁን ስታታ፣ አማካሪያችሁ የሚያውቀውን ተማሩ፤ ስትጣበቁ የሚደርስላችሁ እሱ ነው።

የቀን መቁጠሪያ ስታወጡ ለደብዳቤ ቦታ ተዉ። የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይገኝ መረጃ መሰብሰብ አይቻልም፤ ቀድሞ የተሰበሰበውን ኋላ በፈቃድ ማጽደቅም የለም። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ የትብብር ደብዳቤው ከትምህርት ክፍሉ ወደ ክልል ቢሮ፣ ከዚያ ዞን፣ ከዚያ ወረዳ፣ መጨረሻ ላይ ጤና ጣቢያው ወይም ትምህርት ቤቱ ይደርሳል። በየደረጃው ፈራሚው ስብሰባ ወይም መስክ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ብላችሁ ከገመታችሁ አምስት ጻፉ፤ በየጠረጴዛው የገባበትን የመዝገብ ቁጥርና ቀንም ማስታወሻችሁ ላይ ያዙ፣ «ደብዳቤው አልደረሰንም» ሲባል የምታሳዩት እሱን ነው።