የአሠሪው ሕመምና የሞግዚቷ ደመወዝ

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ውስጥ ስለምሠራ የሕመም ፈቃድ ጉዳይ ከእጄ ጠፍቶ አያውቅም፤ አብዛኛው ማስረጃው ታይቶ፣ ተመዝግቦ ፋይል ውስጥ ሲገባ ያበቃል። ባለፈው ክረምት የገጠመኝ ግን ከአንድ ባልደረባችን የሕመም ፈቃድ ይልቅ በእርሱ ሕመም ምክንያት ቤቷ የዋለችው ሞግዚት ደመወዝ ያከራከረን ጉዳይ ነበር።

ባልደረባችን የሒሳብ ባለሙያ ሲሆን ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባለቤቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ይኖራል። ሳሉ ሁለት ሳምንት አልፎት አልለቅ ሲለው ጤና ጣቢያ ሄደና የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል ተብሎ አክታው ተመረመረ። የመጀመሪያው ውጤት ነፃ ነው ቢልም ሳሉ ስላልተወው ሐኪሙ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አዝዞለት ተመልሶ እስኪታይ ድረስ እረፍት እንዲያደርግ ጻፈለት። ባለቤቱ ልጇን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች። እኔም ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ተቀብዬ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ ስለሆነ ከደመወዙ ምንም እንዳይነካ አድርጌ አስተላለፍኩት።

ከኮልፌ እየተመላለሰች ልጃቸውን የምትጠብቀው ሞግዚት ግን የተነገራት «ለጥቂት ቀን እረፊ፣ እንደውልልሻለን» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ምክንያቱ አልተነገራትም። ወሩ ሲያልቅ ቤት የዋለችባቸው ቀናት ተቆርጠው ሲሰጣት፣ ባልደረባችን ወደ ሥራ መመለሱን ሰምታ መሥሪያ ቤታችን ድረስ መጣች። እርሱም ነገሩ በር ላይ እንዳይሰማበት ይመስለኛል እኔ ቢሮ አስገብቶ «እስቲ አንቺ ሕግ ታውቂያለሽ፣ ባልሠራችበት ቀን የሚከፈል ደመወዝ አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

ሞግዚቷ ብዙ አልተናገረችም፤ ስልኳን አውጥታ የደወለችባቸውን ሰዓታት አሳየችን። በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ከመያዟ በፊት፣ ለባለቤቱ ደውላለች። «እትዬ፣ ዛሬስ ልምጣ? እያልኩ ነው የጠየቅኳቸው» አለች። «ዛሬን ቆዪ ሲሉኝ ሌላ የቀን ሥራ እንዳልይዝ ነገ ይጠሩኛል ብዬ ፈራሁ፤ ጋሼ፣ እቁቤንም አልጣልኩም።»

የአዋጁ አንቀጽ 54 ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ መሆኑን በመርህ ደረጃ ከደነገገ በኋላ፣ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ በእርሱ ምክንያት ባልሆነ ነገር ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ለዝግጁነት ከዚያ የጥሪ ዝርዝር የተሻለ ማስረጃ በሥራ ዘመኔ አላየሁም። እርግጥ ነው፣ አዋጁ እንደ ቤት ውስጥ ሥራ ያለውን የግል አገልግሎት የሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚወጣ ደንብ ስለሚተወው አንቀጹ በቀጥታ ያስገድደዋል ልለው አልቻልኩም፤ አላልኩምም። ያልኩት፣ አንተ ሳትሠራ ሙሉ ደመወዝህን የወሰድክበትና እርሷ ሳትሠራ የተቆረጠባት ምክንያት አንድ ነው፤ ሳሉም ያንተ ነው፣ ቅሪ ያልካትም አንተው ነህ የሚል ነበር።

ባልደረባችን መጀመሪያ በመጨረሻው ውጤት ተከራከረ፤ ነቀርሳ አለመሆኑ ተረጋግጧልና ማንም የተጎዳ የለም አለ። ነገር ግን እንድትቀር የተደረገው በበሽታው ሳይሆን በጥርጣሬው ነው፤ ጥርጣሬው ደግሞ በዚያ ጊዜ እውነተኛ ነበር። ቀጥሎ ቀኖቹ ከዓመት ፈቃዷ ይታሰቡላት የሚል ሐሳብ አመጣ። ይህም አልተዋጠልኝም፤ የዓመት ፈቃድ ሠራተኛው አስቦበት አገር ቤት ዘመድ የሚጠይቅበት ወይም የሚያርፍበት ጊዜ እንጂ ስልክ ታቅፎ ጥሪ የሚጠብቅበት አይደለም።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የከነከነኝ ምክንያቱ መደበቁ ነው። የሳንባ ነቀርሳ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ እርሷም ለብርዱ ተብሎ መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ቤት ውስጥ ከእርሱ ጋር ያንኑ አየር ስትተነፍስ ከርማለች። ጥርጣሬው እውነት ቢሆን ኖሮ መመርመር ከሚገባቸው ሰዎች አንዷ እርሷ ነበረች፤ ልጃቸውማ ከአምስት ዓመት በታች ስለሆነች መከላከያ መድኃኒት ጭምር ያስፈልጋት ነበር። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ወሬ እንደሚያመላልስ አውቃለሁ፣ የነቀርሳ ስም ሲነሣ ሰው እንዴት እንደሚሸሽም አልጠፋኝም፤ ሆኖም ለጎረቤት ያልተነገረ ነገር ልጅ ለሚታቀፍ ሰው ይነገራል።

በማግስቱ ባለቤቱ ደውላ የተቆረጠው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ መከፈሉን ነገረችኝና አንድ ገጽ የሥራ ውል እንዳረቅላቸው ጠየቀችኝ። በቤተሰቡ ላይ ተላላፊ በሽታ ተጠርጥሮ ሞግዚቷ እንድትቀር ከተደረገ ምክንያቱ በዚያው ቀን እንዲነገራት፣ ደመወዟም ሳይቆረጥና ከዓመት ፈቃዷ ሳይቀነስ እንዲከፈላት ጻፍኩ። ረቂቁ ሲነበብላት ሞግዚቷ አንድ ጥያቄ አነሣች፤ እርሷ የምትከራይበት ግቢ ልጆች ይበዙበታልና ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ቢገባ ይህንን ተናግራ ብትቀርስ ይከፈላት እንደሆነ ጠየቀች። ደመወዝ የሚያስቆርጥ ከሆነ የሚናገር እንደማይገኝ ለባልና ሚስቱ ነገርኳቸው። ባልደረባችን የጤና ጣቢያ ወረቀት ታምጣ አለ፣ ሞግዚቷም ተስማማች፤ ስንት ቀን ድረስ በሚለው ላይ ግን እስካሁን እየተነጋገሩበት ነው፣ ያ መስመርም ባዶውን እንደተተወ ነው።