የቆረጥኩት ጩኸት

ቀረጻ ስቱዲዮ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የዚያን ቀን የመጡት ሦስት ልጆች ናቸው። ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራም። የሮክ ባንድ መሆናቸውን ስለማውቅ «ጊታሪስታችሁ ዘገየ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ኪቦርዲስቱ ፈገግ አለ። «የለንም። የእሱን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ» አለኝ።

ይዞ የመጣው የድሮ ኦርጋን ነው። ኦርጋኑን በፉዝ ፔዳል አሳልፎ ጊታር አምፕሊፋየር ላይ ይሰካዋል። ፉዝ ድምፁን ከልክ በላይ አጉልቶ ጫፍ ጫፉን የሚቆርጥ ትንሽ ሳጥን ነው። ለስላሳውን ድምፅ ሻካራ ያደርገዋል። ልጁ ቁልፎቹን ሲጫን ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል። ግሩም ነበር። ችግሩ ጣቶቹን ሲያነሳ ነው። ባነሳ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይለቃል።

ለምን እንደሚያፏጭ ገብቶኛል። ኖታ ሲመጣለት ፔዳሉ በእሱ ይጠመዳል። ኖታው ሲቋረጥ ግን ሌላ የሚያጎላው ስለሌለ፣ የስፒከሩ ንዝረት የድሮውን ኦርጋን አንቀጥቅጦ የሚፈጥራትን ትንሽ ድምፅ ያነሳል። ያቺው ድምፅ በስፒከሩ ወጥታ፣ ኦርጋኑን ነክታ ትመለሳለች። እየዞረች ታድጋለች። ፊድባክ የምንለው ይህንን ነው። እኔ ደግሞ የተማርኩት ፊድባክን ማጥፋት ነው።

ለሻይ ሲወጡ በኦርጋኑና በፔዳሉ መሃል ኖይዝ ጌት ሰካሁ። ኖይዝ ጌት እንደ በር ነው። የሚገባው ድምፅ ጠንከር ሲል ይከፈታል፣ ሲደክም ይዘጋል። ኖታ ሲኖር ያሳልፋል። ኖታ ሲጠፋ ይዘጋና ፉጨቱ የሚዞርበትን መንገድ ይቆርጣል። ማንንም አላስፈቀድኩም። ተመልሰው ሲመጡም አልነገርኳቸውም። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

መቅዳት ጀመርን። ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ነው የሚጫወቱት። ሥራው 14 ደቂቃ ይፈጃል። ድራመሩና ቤዚስቱ የዚያን ቀን የተጫወቱትን እስካሁን አልረሳውም። ኪቦርዲስቱ ግን የመጀመሪያውን ሐረግ ጨርሶ እጁን ሲያነሳ ዝም አለ። ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን አየ። ከዚያ ቀጠለ። ልምምድ ላይ ሳያቋርጥ ያወርደው የነበረው ረጅም ዜማ ተቆራረጠ። ሁለት ኖታ፣ ዝምታ። ሦስት ኖታ፣ ዝምታ። በመስታወቱ በኩል እያየሁት «ጥርት ብሎ መጣልኝ» እል ነበር።

ነገሩ የተበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። ሥራው የሚያልቀው ኪቦርዲስቱ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ድምፁን በእግሩ ቀስ እያለ ሲቀንሰው ነው። ድምፁ ሲወርድ ጌቱ እንደ ልማዱ ተዘጋ። ኦርጋኑ መሃል ላይ ቆረጥ አለ። ሁለቱ ልጆች ቀና አሉ። ክው አልኩ።

ጌቱን መቅጃው ላይ ብሰካው ኖሮ ቢያንስ ያልተነካውን ድምፅ አስቀርቼ በኋላ መመለስ ይቻል ነበር። እኔ ግን ከምንጩ ነው የቆረጥኩት። የኦርጋኑ እውነተኛ ድምፅ የትም ቦታ አልተቀዳም። ኦርጋኑን ብቻውን ደግመን እንዳንቀዳ፣ ሦስቱም አንዱ የሌላውን እየሰማ ነው የተጫወተው። ደግሞም ድምፁ በየማይክሮፎኑ ገብቷል።

ሄጄ ነገርኳቸው። ቤዚስቱ ምንም ሳይናገር ወጣ። ኪቦርዲስቱ አልተቆጣም። ጌቱን ነቅሎ ተቀመጠና እጁን አነሳ። ፉጨቱ መጣ። አንድ ቁልፍ ነካ። ጠፋ። «አየህ ወንድሜ፣ ይሄ ጩኸት ነው እንዳልቆም የሚያደርገኝ» አለ። «አንተ ስታጠፋልኝ ለምን እንደምቀጥል ጠፋኝ።»

ከዚያ ስለ ማይክ ራትሌጅ አጫወተኝ። ራትሌጅ እ.ኤ.አ. በ1966 ካንተርበሪ፣ እንግሊዝ የተመሠረተው የሶፍት ማሺን ባንድ ኦርጋኒስት ነበር። ሎውሪ ኦርጋኑን በፉዝ እያሳለፈ ይጫወት ነበር። እጁን ካነሳ መሣሪያው ይጮኻል። ስለዚህ ክፍተት ሳይተው ኖታውን ከኖታ እያያያዘ መጫወት ለመደ። ያ አጨዋወት መታወቂያው ሆነ። በዚያው ምሽት እ.ኤ.አ. የ1970 ‹ሰርድ› የተባለውን አልበማቸውን ሰማሁ። ድርብ ሸክላ ነው። አራት ሥራዎች አሉት፣ እያንዳንዱ አንድ ገጽ ይይዛል። ኦርጋኑ ሲገባ የሰውዬው ትንፋሽ የት እንዳለ ፈልጌ አጣሁት። ያን ሰው ቀድቼው ቢሆን ኖሮ ምን ላደርግበት እንደምችል አሰብኩና ሆዴ ተላወሰ።

አለቃዬ በማግስቱ ስለ ሌላ ቀረጻ ነገረኝ። ቬልቬት አንደርግራውንድ የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ሁለተኛ አልበም ላይ ‹ሲስተር ሬይ› የሚል ከ17 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ሥራ አለ። አንዴ ተጫውተው ነው የቀዱት። ከባንዱ አባላት አንዱ ጆን ኬል ኦርጋኑን በጊታር አምፕሊፋየር እያስጮኸ ከጊታሮቹ ጋር ይፋለማል። የባንዱ ዘፋኝ ሉ ሪድ በኋላ እንደተናገረው፣ የድምፅ ባለሙያው መቅጃውን ከፍቶላቸው ከክፍሉ ወጥቶ ሄዷል። «ያ ሰውዬ ቢያንስ ምንም አልነካባቸውም» አለኝ አለቃዬ። ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ከቁጣ በላይ ተሰማኝ።

እኔ የማውቀው ሃሞንድ የተባለው የኤሌክትሪክ ኦርጋን ታሪክ እንኳ ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር። ሃሞንድ እ.ኤ.አ. በ1935 ነው ገበያ ላይ የዋለው። አንድ ቁልፍ ስትጫን ከሥሩ ዘጠኝ ትናንሽ ግንኙነቶች ይዘጋሉ፣ ግን እኩል አይዘጉም። ስለዚህ ኖታው ሲጀምር ‹ቀጭ› ይላል። ሠሪዎቹ እንደ ጉድለት ቆጥረው ሊያጠፉት ለፉ። ተጫዋቾቹ ግን ወደዱት። ዛሬ ሃሞንድን የሚመስሉ ዲጂታል ኪቦርዶች ያንን ቀጭታ ሆን ተብሎ ይጨመርላቸዋል። ይህን ለሰው ሳወራ ከርሜ፣ ኦርጋኑ ፊቴ ሲቀመጥ ረሳሁት።

የመጀመሪያውን ቀን ክፍያ ስቱዲዮው አልተቀበለም። ከሳምንት በኋላ ተመለሱ። ቤዚስቱም መጣ። በዚህኛው ቀን መጀመሪያ ያደረግኩት ኪቦርዲስቱን መጠየቅ ነው። «ጩኸቱ ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ?» አልኩት። እንደዚያ ብሎ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ነገረኝ።

አንድ ሰዓት ያህል አምፕሊፋየሩን ስንገፋና ስናዞር ቆየን። ቦታው በተቀየረ ቁጥር ፉጨቱም ይቀየራል። አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይወፍራል። በመጨረሻ ሥራው ከሚያርፍበት ኖታ ጋር የሚስማማበትን ቦታ አገኘንና ወለሉ ላይ በቴፕ ምልክት አደረግን። አንድ መስመር ከኦርጋኑ በቀጥታ፣ ከፔዳሉ በፊት ወሰድኩ። አንድ ማይክሮፎን አምፕሊፋየሩ አፍ ላይ፣ አንዱን ደግሞ ራቅ አድርጌ አቆምኩ። ጌቱን ከክፍሉ አወጣሁት።

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ተሳካ። ዜማው ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ሳይበጠስ ሄደ። መጨረሻው ላይ ኪቦርዲስቱ ድምፁን በእግሩ አልቀነሰም። ቤዙና ድራሙ ሲያቆሙ ሁለቱንም እጆቹን አነሳና ጭኑ ላይ አሳረፈ። ፉጨቱ ብቻውን ቀረ። በመስታወቱ በኩል ቀና ብሎ አየኝ። መቅጃውን አላቆምኩም።