ነፋሱን የበላው ከፍታው አልነበረም

የድሮ ቬስፓን ጎማ ወደ ቱብለስ፣ ማለትም ያለ ከመነዳሪ ነፋስ ወደሚይዝ ጎማ፣ ስለ መቀየር የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ቸርኬ፣ አንድ ጎማና አንድ ሱሪ ይተርፉልኝ ስለነበር ነው። ሱሪው ላይ እደርሳለሁ።

ቬስፓዋ የአጎቴ ነበረች። ፒኤክስ 150 ናት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገዝቷት ደብረ ብርሃን ውስጥ ሲነዳት ኖሮ፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ለእኔ ሰጠኝ። ሥራዬ ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ያለችው ሸዋ ሮቢት። በወር አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ፣ በጣርማበር ወርጄ እመለሳለሁ። ሰው «በዚያ ቁልቁለት፣ በዚህች?» ይለኛል። አዎ፣ በዚህችው።

ለማያውቅ ሰው፣ የድሮ ቬስፓ ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም። ሁለት የላሜራ ግማሾች በአምስት ብሎን ተጋጥመው ነው ቸርኬ የሚሆኑት። ሌሎች አምስት ዳዶዎች ደግሞ ሙሉውን ጎማ ከፍሬን ታምቡሩ ጋር ያስሩታል። መሃል ላይ ከመነዳሪ አለ። ቬስፓን በ1946 በአውሮፓ አቆጣጠር የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ጎማውን በአንድ ጎን ብቻ ያንጠለጠለው እንደ መኪና ጎማ በቀላሉ እንዲወልቅ ነው። እውነት ነው፣ ይወልቃል። 13 ቁልፍ ይዘህ መንገድ ዳር ቁጭ ትላለህ፤ ጎማ የሚፈለቅቅ ብረት እንኳ ሳያስፈልግህ ከመነዳሪ ቀይረህ ትነሣለህ።

ችግሩ ከመነዳሪ ሲበሳ ነው። ነፋሱ በቫልቩ ቀዳዳና በግማሾቹ መጋጠሚያ በአንዴ ይወጣል። ጎማው 10 ኢንች ብቻ ስለሆነ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ጉዶ በረት አጠገብ የኋላው እንዲህ አድርጎኝ መንገዱን ሙሉ እየጠረግሁ ነው የቆምኩት። ቱብለስ ጎማ ግን ሚስማር ሲገባበት ብዙ ጊዜ ሚስማሩን ነክሶ ይይዘዋል፤ ቀስ እያለ ነው የሚተነፍሰው። የዚያን ቀን ማታ ወሰንኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ርካሽ ፍለጋ ነው።

አንድ ጎሚስታ አለ፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ የምናከብረው ትልቅ ሰው። «ጋሼ፣ ቱብለስ ቸርኬ ፈልጌ ነበር» አልኩት። ሳቀብኝ። «ምን ቸርኬ ያስገዛሃል ልጄ? መጋጠሚያውን በሲሊኮን እንዘጋዋለን፤ ቱብለስ ጎማ እናስገባበታለን፤ አለቀ።» ዋጋው የሁለት ሰው ምሳ አይሞላም ነበር። በዚህ ዋጋ ማን ይከራከራል? ግማሾቹን በብረት ብሩሽ አጸዳን፣ ሲሊኮኑን ቀባን፣ አጥብቀን አሰርን፣ አንድ ቀን አሳደርነው። የሳሙና ውሃ ስናፈስበት አንድም አረፋ አልወጣም። ያን ዕለት ሻይ የጋበዝኩት ሰው ብዛት አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በመጀመሪያው ጉዞ ደብረ ብርሃን ላይ የፊቱን 18 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞላሁ። የእናቴ በር ላይ ደርሼ ስለካው 15 ነበር። ጠዋት 12። ተመልሼ ለጎሚስታው ነገርኩት። «ከፍታው ነው» አለኝ። «እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ቀላል ነው። ቆላ ስትወርድ የውጭው አየር ይከብድና መለኪያው አሳንሶ ያነብልሃል።»

ይኼ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ። ምክንያቱም ውሸት አይደለም። ግማሽ እውነት ነው። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የተማርኩ ሰው ነኝ። አንድ ወረቀትና አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ያልሠራሁት መልሱ እንደማይጥመኝ ስለጠረጠርኩ ይመስለኛል። ርካሽ ነገር የገዛ ሰው ጥሩ ጠበቃ ነው።

ሒሳቡን የሠራሁት ጉልበቴ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። በዚህ ልዩነት መለኪያው በእርግጥ ወደ 2 ፒኤስአይ ያሳንሳል። ግን ደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ነው፤ ሸዋ ሮቢት ከሰዓት ከ30 በላይ። ያ ሙቀት ደግሞ ወደ 2 ፒኤስአይ መልሶ ይጨምራል። አንዱ የወሰደውን ሌላው ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህ 18 ሞልተህ ወርደህ 15 ካነበብክ፣ ሦስቱን የበላው ከፍታው አይደለም። ቸርኬህ ነው።

አሁን ወደ ሱሪው።

አራተኛው ጉዞዬ ነበር። ጠዋት ስነሣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል፤ ጓንት አውልቄ ጎማ መለካት አስጠላኝ። ጉዶ በረት ሻይ ስጠጣም አልለካሁም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በተቆፈረው የጣርማበር ዋሻ አልፌ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስጀምር ጉሙ ከታች እየወጣ ነበር። ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ሞተሯ ባለሁለት ምት ናት፤ ዘይቱን የምታገኘው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ነዳጅ ዘግተህ በማርሽ ብቻ ብዙ መውረድ አይወደድም። ስለዚህ ፍሬን አበዛሁ። የፊቱ ታምቡር ትንሽ ናት፤ ቶሎ ትግላለች፤ ሙቀቱ ቸርኬው ጋ ይደርሳል።

መጀመሪያ መሪው ከበደኝ። ቀጥሎ ልክ እንደሰከረ ሰው ግራና ቀኝ ማለት ጀመረ። ፍጥነቴ ከ30 አይበልጥም ነበር፤ ይህን ያህል እንኳ ያተረፈኝ ጉሙ ነው። ኩርባው ላይ ጎማው ጠርዙን ለቀቀና ወደ ዳር ወሰደኝ። በገደሉ ሳይሆን በተራራው በኩል መሆኑ የኔ ችሎታ አልነበረም። ሱሪዬ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ተተረተረ። ጉልበቴም አብሮ።

ከኋላ የመጣ አይሱዙ ቆመ። ሹፌሩ «ወንድም፣ ነፍስ አለህ?» አለና መብራቱን እያብለጨለጨ ከኋላዬ አቆመልኝ። ረዳቱ ልጅ ቁልፍ አንሥቶ ሊረዳኝ መጣ። የመጀመሪያ ቁልፉን ያሳረፈው ሁለቱን ግማሾች በሚያጋጥመው ዳዶ ላይ ነው። ጮህኩበት። የእኔ ጎማ ባዶ ስለነበር ምንም ባልሆነ ነበር። ነፋስ ያለበት ቢሆን ግን ቸርኬው ተከፍቶ ፊቱ ላይ ይፈነዳ ነበር። ይህን በቀይ ቀለም መጻፍ ብችል እጽፈው ነበር፦ አምስቱና አምስቱ ዳዶዎች ይመሳሰላሉ፤ ነፋሱን ሳታወጣ የግማሾቹን ዳዶ እንዳትነካ።

ያወለቅነውን ጎማ ስከፍት ሲሊኮኑ እንደ ፓስታ ተልጦ ወጣ። ግን እሱ ብቻ አልነበረም ጥፋቱ። የቱብለስ ቸርኬ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ነፋሱ ሲቀንስ ጎማው ከመቀመጫው ተንሸራቶ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የምትይዘው እሷ ናት። የአጎቴ ቸርኬ ላይ የለችም። ለከመነዳሪ የተሠራ ስለሆነ አላስፈለገችውም። እንግዲህ የዓለምን ሲሊኮን ሁሉ ብትቀባው ይህችን ጉብታ አይሠራልህም። ይህን ጎሚስታው ያውቅ ነበር ወይ? እኔ ጠይቄዋለሁ ወይ? የመጀመሪያውን አላውቅም። ሁለተኛውን አውቃለሁ።

ቤቴ የመለሰችኝ የናቅኳት ናት። ባለ ከመነዳሪዋ መጠባበቂያ ጎማ። በአሥር ደቂቃ ገጥመናት ደብረ ሲና ገባሁ። ልጆች ቆሎ ይዘው ወደ አውቶቡሶች ይሮጣሉ፤ የኔን ሱሪ አይተው ግን ቆሙ።

ሁለተኛው ስህተቴ አጭር ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄጄ የዘመናዊ ስኩተር ቱብለስ ቸርኬ አገኘሁ። 10 ኢንች ነው፣ ጉብታ አለው፣ ዋጋው ደህና ነው። ሻጩ «ቬስፓም፣ ምንም ላይ ይገባል» አለኝ። ደብረ ብርሃን ስደርስ የብሎን ቀዳዳው ሦስት ነው፤ የእኔ ታምቡር አምስት ይፈልጋል። ሥዕል እንኳ ይዤ አልሄድኩም። ስመልሰው ግድግዳው ላይ ወደ ተለጠፈው ጽሑፍ ጠቆመኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ቶርኖ ቤት ወስደህ አስበሳው ያሉኝ ነበሩ። የፊት ጎማ የሚይዝ ብሎን በግምት የተበሳ ቀዳዳ ላይ አላስርም። ከጣርማበር በኋላማ ጭራሽ።

በመጨረሻ የሆነው መጀመሪያ መሆን የነበረበት ነው። ለፒኤክስ ተብሎ የተሠራ አንድ ወጥ የአሉሚኒየም ቸርኬ። የጀርመኑ ሲፕም፣ ኤፍኤ ኢታሊያም ይሸጡታል። አንድ ዘመዴ ከጣሊያን ሲመጣ በሻንጣው አመጣልኝ። ዋጋው ከወር ደመወዜ በልጧል። ግን ሲሊኮኑን፣ የሶማሌ ተራውን፣ የተበላሸውን ጎማና የጉልበቴን ሕክምና ደምሬ ሳየው አንዱን ቸርኬ ልገዛበት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ስትመርጥ ክሮም የተቀባውን ተወው። ያምራል፤ ግን ክሮሙ ጎማው የሚቀመጥበት ጋ መላጥ ሲጀምር ነፋስ ያሾልካል። ተራ ቀለም የተቀባ ወይም ጥሬው አሉሚኒየም ይሻላል። የብሎኑን ቀዳዳ ብዛት ብቻ ሳይሆን ቸርኬው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚገባም አመሳስል፤ ለየትኛው ሞዴል እንደተሠራ ያልተጻፈበትን አትግዛ። ጎማው 3.50-10 ከመሆኑ ሌላ ጎኑ ላይ ቱብለስ የሚል ካልታተመበት ከመነዳሪ ይፈልጋል። ቫልቭ ላይ አትሰስት፤ ጠመም ያለውን የብረት ግዛ። ገጥመህ ስትጨርስ ጎማውን በእጅህ ሙሉ ዙር አዙረው። የእኔ የመጀመሪያው ቫልቭ ከሾኩ ጋር በፀጉር ልዩነት ነበር የሚተላለፈው።

ማስገባቱ ራሱ ሥራ ነው። የመኪና ጎማ ማሽን ይህን ያህል ትንሽ ቸርኬ አይዝም። በእጅ፣ በሳሙና ውሃ፣ ጎማውን ለሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አቆይተን አለሳልሰን ነው ያስገባነው። ነፋሱ አልይዝ ሲል አንዱ ወጣት «ቤንዚን ረጭተን ክብሪት እንጫርበት፣ በአንዴ ይቀመጣል» አለ። ቸርኬዬን አንሥቼ ልሄድ ነበር። ገመድ በጎማው ዙሪያ አስረን ስናጠብቀው ጎኖቹ ወደ ውጭ ወጡ፤ ኮምፕረሰሩ በአንዴ ገፋውና ሁለቴ «ጧ! ጧ!» ብሎ ተቀመጠ። ከ40 ፒኤስአይ በላይ ግን አትግፋ።

ሁለት ነገር ላይ ሰው አይስማማኝም። ገንዘብህ ለአንድ ቸርኬ ብቻ ከበቃ፣ ሁሉም «የኋላው ነው ቶሎ የሚበሳው፣ ለኋላ ግዛ» ይልሃል። እኔ ለፊት ግዛ እላለሁ። የኋላው ሲተነፍስ ትወዛወዛለህ፤ የፊቱ ሲተነፍስ መሪ የለህም። የአምራቹ መመሪያ ደግሞ ለፊት 18 ይላል። እኔ 20 እሞላለሁ፤ የኛ መንገድ ጉድጓድ ላይ ጎማው ከቸርኬው እንዳይላቀቅ። የምለካውም በራሴ መለኪያ ነው፤ የሦስት ጎሚስታ መለኪያ ሞክሬ ሦስት ቁጥር ነው ያነበብኩት። ጠዋት ስለካ አሁን ጓንቴን አወልቃለሁ።

መጠባበቂያዋ ግን ያው የድሮዋ ናት፤ ባለ ሁለት ግማሽ፣ ባለ ከመነዳሪ፣ ከ13 ቁልፏ ጋር። ማንም ቢለምነኝ አልቀይራትም።

የሶማሌ ተራው ቸርኬ ሸዋ ሮቢት ነው። እናቴ አገላብጣ አየችውና የእንስራዋ ማቶት አደረገችው። «ስንት ገዛኸው?» አለችኝ። ዋጋውን አልነገርኳትም።