82 ልጅ በአንድ ክፍል፦ እንዴት ተደራደርን?

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ያን ዓመት አምስቱም ሴክሽኖች የእኔ ነበሩ። በእያንዳንዱ 82 ልጅ። ለሦስት በተሠራ ዴስክ አምስት ሆነው ይቀመጣሉ። ጫፍ ላይ ያለው ልጅ አንድ እግሩን መተላለፊያው ላይ ተክሎ ነው የሚጽፈው። 40 ደቂቃዋን ለ82 ስናካፍላት ለአንድ ልጅ ግማሽ ደቂቃ አትሞላም። ደብተር ልረም ካልኩ 410 ደብተር ነው፤ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ብሰጥ ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

የመሠረታዊ መምህራን ማኅበራችን፣ ማለትም የትምህርት ቤታችን መምህራን ማኅበር፣ ጸሐፊ ስለነበርኩ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የአቤቱታ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው አልሠራም። የቤት ኪራይ፣ የደረጃ ዕድገት፣ የውኃ ችግር፣ የክፍል መጣበብ፣ ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ አጨቅኩት። መልሱ «በሂደት ይታያል» ሆነ። ከዚያ ጉባኤ ጠርተን አንድ ጥያቄ ብቻ፣ የክፍል መጣበብን፣ እንያዝ ተባባልን። ብዙ ተጨቃጨቅን። ኪራይ ያስመረረው መምህር «የእኔስ?» ቢል እውነቱን ነው።

እኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ከአሠሪያችን ጋር በጋራ ተደራድረን የኅብረት ስምምነት አንፈራረምም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። ስለዚህ ጉልበታችን ወላጅ ነበር። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱን ይዘን ሄድን። አንዲት እናት «ልጄ በዓመት አንዴ እንኳ ስሟ አልተጠራም» ሲሉ የእኔን ደብዳቤ አስረሱት።

የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት መልስ ግን ዝግጁ ነበር፦ «ጥምርታችሁ 1 ለ 38 ነው፤ ምን ጎደላችሁ?» ቁጥሩ ልክ ነው። 1,900 ተማሪ ለ50 መምህር። ግን ይህ የተማሪ መምህር ጥምርታ ነው። በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ያለውንም መምህር ይቆጥራል። ልጁ የሚቀመጠው በተማሪ ክፍል ጥምርታ ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለ በሚቆጥረው ውስጥ ነው፤ የአገሪቱ መስፈርትም ለአንደኛ ደረጃ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ይላል። ሁለቱን ለይተን እስክናስረዳ ድረስ ወር ሙሉ ሳንግባባ ከረምን።

የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ የጽሕፈት ቤቱን ባለሙያ «ወረቀቱን ተዉትና ክፍል ግቡ» አሏቸው። አንድ ጠዋት 2፡30 ላይ ባለሙያው መጡ። ኋላ ሄደው ሊቀመጡ ፈለጉ፤ ቦታ የለም። አንድ ልጅ ተነሥቶ «ይቀመጡ ቲቸር» አለና ደብተሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መጻፍ ቀጠለ። ባለሙያው አልተቀመጡም። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ከልጁ ጋር ቆመው ዋሉ።

ከዚያ በኋላ ንግግሩ መልኩን ቀየረ። ዕቃ ግምጃ ቤቱና አንድ ትርፍ ቢሮ ተለቀው ክፍል ሆኑ። አምስቱ ሴክሽን ሰባት ሆነ፤ በክፍል 58 ወይም 59 ልጅ። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ ክፍል ሲጨምር ጭነቱ መምህሩ ላይ ነው። የእኔ የሳምንት ክፍለ ጊዜ ከ20 ወደ 28 ሊወጣ ነበር። አንድ የሒሳብ መምህር በዝውውር እንዲመጣ ጠየቅን፤ «እሺ» አሉ። ጋሼ እሺታውን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍረው ሳያስፈርሙ ከወንበራቸው አልተነሡም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? መምህሯ ስትዘገይ ያንን ፊርማ ይዘን ሄድን፤ በሁለተኛው ሴሚስተር መጣች።

በአዲሱ ክፍል የመጀመሪያ ሳምንት የመጨረሻው ረድፍ ድረስ ሄድኩ። አንዲት ልጅ ደብተሯን ሰጠችኝ። ከመስከረም ጀምሮ አንድም የቀይ እስክሪብቶ ምልክት የለበትም። በጣም አዘንኩ።

50 ገና አልደረስንም። የሚቀጥለውን ጥያቄ በሚያዝያ እናስገባለን፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር። መስከረም ላይ ልጆቹ ከተቀመጡ በኋላ የሚመደብ ክፍልም መምህርም የለም።