ሃያ ሰከንድ

ዛሬ ማታ የድሮ የፊልም በጀት ከፍቼ ሳይ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ቀረ። «የፕሮዲዩሰር ክፍያ» ይላል። ከጎኑ «በኋላ የሚከፈል»። የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የኔ ነው፤ ከኔ ጋር መደራደር ቀላል ነዋ።

«በኋላ» ማለት ምን እንደሆነ ሥራውን ስጀምር አልገባኝም ነበር። ፊልሙ ሲሸጥ አከፋፋዩ ኮሚሽኑን ያነሳል። ለማስታወቂያ ያወጣሁት ነው ያለውንም ይቀንሳል። ቀጥሎ ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ያወጡትን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከነጭማሪው፣ መልሰው ይወስዳሉ። የተረፈ ካለ ወደኔ ይመጣል። ካለ።

ኦስካር ላይ «ምርጥ ፊልም» ሲባል ሽልማቱን የሚረከቡት ፕሮዲዩሰሮች እንደሆኑ አንድ ቀን ለእናቴ ነገርኳት። «ታዲያ ያንተ የታለ?» አለችኝ።

ያ በጀት የሁለተኛው ፊልሜ ነው። ተዋናይቷ ዕቃ እያጠበች አንድ የቆየ ዘፈን አንጎራጎረች። ስክሪፕቱ ላይ የለም፤ ከራሷ ነው ያመጣችው። ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው። ሁሉም ጸጥ አለ። ዳይሬክተሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እዚያ ክፍል ውስጥ «ዘፈኑ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የነበረበት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ፣ ማለትም እኔ፣ ደግሞ የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ያሰላ ነበር።

ጥያቄው የመጣው የፊልሙ ኤዲት አልቆ፣ ለአከፋፋዩ ልናስረክብ ስንል ነው። «ሸክላውን አልተጠቀምንም፣ ራሷ ናት ያንጎራጎረችው» አልኩ። ያማከርኳት ጠበቃ በትዕግስት አስረዳችኝ። የተቀዳው ድምፅ አንድ መብት ነው፤ ዜማውና ግጥሙ ሌላ። በአፍንጫ ብታዜመውም ዜማው ባለቤት አለው። የዜማው ደራሲ ካረፉ ቆይተዋል፤ ግን በብዙ አገሮች መብቱ ከሞት በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ወራሾቹን ፈልጌ አገኘሁ። ሁለቱ እሺ አሉ። አንዱ እስካሁን አልመለሰልኝም።

አከፋፋዩን ትቼ ለብቻዬ ብወጣስ ብዬም ነበር። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 አውጥቶ አከፋፋይ ሲያጣ ራሱ ሲኒማ እየተከራየ አላሳየም? ግን እሱ የሰው ዜማ ይዞ አልነበረም የሮጠው። የኔ ችግር አዳራሽ ብከራይም አብሮኝ ይገባል።

በመጨረሻ ፊቷ የማይታይበትን ሾት ተጠቀምን። ሙዚቃውን የሠራልን ልጅ አዲስ ዜማ ሰጠን፤ ተዋናይቷ ስቱዲዮ ገብታ ቀዳችው። ለድንገተኛ ወጪ ያስቀመጥኩት 10 በመቶ እዚያ አለቀ። ዳይሬክተሩ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። «አንተ የወረቀት ሰው ነህ» ያለኝ ነገር አሁንም ይከነክነኛል። ትዕይንቱ ደግሞ እውነቱን ለመናገር እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ይህን ለሱ ነግሬው አላውቅም።

በጀቱን የከፈትኩት ያው ዳይሬክተር አዲስ ስክሪፕት ስለላከልኝ ነው። ገጽ 14 ላይ «ሬዲዮ ከፍታ አብራ ታንጎራጉራለች» ይላል። በቀይ ከበብኩት። ከጎኑ ጻፍኩ፦ «የትኛውን ዘፈን?»